ለጊዜው የገባው ቺንጋ

የታሰርሁት የወንድሜን ምሳ ይዤ ሄጄ ነው።

በሩ ላይ የነበረው አብዮት ጠባቂ ሳህኑን ተቀበለኝ። ሰማያዊውን ክዳን ከፍቶ ሽሮውን በሽቦ ወጋ ወጋ አደረገና መልሶ ከደነው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምኑ ነህ?»

«ወንድሙ።»

«ታላቁ ወይስ ታናሹ?»

«ታናሹ።»

«በል ግባ» አለኝ።

ለአንድ ጥያቄ ነው ብለው የሚወስዱ መሆናቸውን ሰምቼ ነበር። እኔን ግን የጠየቀኝም የለ። ከዚያ ግቢ የወጣሁት ዓመት ከአራት ወር ቆይቼ ነው።

ክፍሉን ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ አወቀው። ቤቱ ሳይወረስ በፊት የኑግ መጋዘን ነበር። ግድግዳው ብዙ ዓመት ጆንያ ስለተደገፈበት እስከ ሰው ቁመት ድረስ በዘይት ጠቁሯል። ጀርባውን ያስጠጋ ሰው ሸሚዙ ተለጥፎ ይቀራል። መስኮቱ አንድ ነው፤ ከፍ ያለ፣ ብረት የተጋደመበት። ነፋስ ሲመጣ የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ጠረን ይገባል። ከግድግዳው እስከ ጣና ውኃ መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ሐይቁን ግን አናየውም። ሰዓቱን የምናውቀው በቁንዝላ ጀልባ ጡሩንባ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። ስም አልጠራም። ያሉትም የሌሉትም ቤተሰብ አላቸው። ሁለቱን ግን ማንሣት አለብኝ።

አንዱ የኔታ ናቸው። ከደሴቶቹ በአንዱ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ምን ተናግረው እንደታሰሩ ስንጠይቃቸው «እኔስ የታሰርሁ ባልተናገርሁት ነው። መፈክር በሉ ሲባል ዝም አልሁ» ይሉን ነበር። ሌላው ከድሬዳዋ መጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በመካኒክነት የሚሠራ ሰው ነው። ድሬው ነበር የምንለው። ሁሉንም ሰው «አቦ» ይላል። የኔታንም ሳይቀር። የኔታ መጀመሪያ ተቆጡ። «አቦ ጻድቁ ናቸው፤ እኔን ኃጥኡን እንዲህ አትበለኝ» አሉት። «እሺ አቦ» አላቸው። ከዚያ በኋላ ተዉት።

አሁን ስለ ወንድሜ ልጻፍ። ከዚህ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬ እዚህ ላይ አቁሜአለሁ።

በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። አባታችን ሲሞት ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ሥራ ያዘ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል የደረስሁት በእሱ ነው። ገበያው ጥግ ላይ ስፋቷ ከአንድ በር የማይበልጥ ሱቅ ነበረችው። ሬዲዮና ቴፕ ይሠራል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ብዙ አያወራም። «መጀመሪያ ጆሮህን፣ ቀጥሎ ዓይንህን፣ ካቻቢቴውን በመጨረሻ» ይለኛል። ሰው ቴፑን ሲያመጣ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ያጫውተውና ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል።

አንድ ልማድ ነበረው። የከፈተውን ዕቃ ሳይዘጋ በፊት በኋላ ክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ በመርፌ ይጽፋል። ቀኑን፣ ምን እንደተበላሸ፣ ምን እንደተደረገ። አንድ ቀን «ይህን ለማን ነው የምትጽፈው? ባለቤቱ አያየውም» አልሁት።

«ለሚቀጥለው ሠሪ ነው» አለኝ። «እሱም ከዜሮ እንዳይጀምር።»

ትክክለኛው መለዋወጫ ታጥቶ በሌላ ነገር ሲተካ ደግሞ አንድ ቃል ይጨምርበታል፤ «ለጊዜው» ብሎ። ብዙ ጊዜ የሚታጣው ቺንጋ ነው። ቺንጋ ማለት ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ላስቲክ ነው። እሱ ከላላ ካሴቱ እየተጎተተ ይዞራል። ቺንጋ ሲጠፋ ወንድሜ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በምላጭ ቀዶ ይተካል። ባሕር ዳር የብስክሌት ጎማ አይታጣም። ለባለቤቱም «ይህ ሳምንት ነው የሚቆይ። በሳምንቱ ይምጡ፣ ደኅናውን አገባልዎታለሁ» ይላል። የቴፕ ባለቤቶች ሲመጡ አይቻለሁ። በሳምንቱ ይመጣሉ።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ወሰዱት። ሱቁን አሸጉ፣ ዕቃውንም ጭነው ሄዱ። በምን ምክንያት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሰውን ሬዲዮ የሚሠራ ሰው፣ ሰው ምን እንደሚያዳምጥ ያውቃል ብለው ይሆናል።

እኔ ከገባሁ ወዲህ እናታችን ሁለት ሳህን ታመጣ ጀመር። የእሱ ባለ ሰማያዊ ክዳኑ ነው። የእኔ ክዳን የሌለው የአሉሚኒየም ሳህን ነው፣ በጨርቅ የተቋጠረ። የእኔ ወደ እኛ ክፍል ይመጣል። የእሱ በእኛ በር ፊት አልፎ ወደ ኋላ ቤት ይሄዳል። ኋላ ቤት ከግድግዳችን ጀርባ ነው። ጉዳያቸው የከበደ ሰዎች እዚያ ናቸው ይባላል። ማታ ማታ ባዶው ሳህን ለእናታችን ይመለስላታል፤ የሁለታችንም። እኔ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ በበሩ ስንጥቅ እያየሁ ሰማያዊው ክዳን እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ካለፈ በኋላ ነው የእኔ የሚበላልኝ። አለ ማለት ነዋ። ይበላል ማለት ነው።

የግቢው ኃላፊ ቴፕ ነበረው። ማንጠልጠያ ያላት፣ አራት ባትሪ ድንጋይ የምትጎርስ ትንሽ ቴፕ ናት። ከምሳ በኋላ ዛፉ ሥር ወንበር ያስወጣና ዘፈን ይከፍታል። መቼም እሱ ከፍቶት እኛም እንሰማለን። በገባሁ በሳምንቴ ገደማ ቴፑ መጎተት ጀመረ። ሴቲቱ ዘፋኝ ድምጿ እየወፈረ ሄዶ እንደ ሽማግሌ ማጉረምረም ሆነ።

«አቦ፣ ይህችን ሴት ምን አጠጧት?» አለ ድሬው።

«ድጓ ልትቆም ነው» አሉ የኔታ። «ዜማዋ ረጋ ብሏል።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እያዳመጥሁ ነበር። ሳላስበው ጭንቅላቴን ዘንበል አድርጌ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ተከፈተ። በር ላይ ያስገባኝ ያው አብዮት ጠባቂ ነው። የአንበሳሜ ሰው ነው፣ አርባ ዓመት ይሆነዋል። ቴፑን በአንድ እጁ፣ ጠመንጃውን በሌላው ይዟል።

«አንተ የቴፕ ሠሪው ወንድም! ሙያው አለህ አሉ።»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ትንሽም ብትሆን ሥራት። ጓድ ኃላፊ ከምሳ በፊት ትድረስ ብለዋል። ደግሞ እንዳታበላሻት፣ ሁለታችንም ነን የምናልቅ።»

በሩ አጠገብ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀመጥሁ። ቁልፉን ተጫንሁና ሰማሁ። ድምፁ ይጎተታል፣ የታፈነም ነው። ከዚያ የባትሪውን ቤት ከፈትሁ። ባትሪዎቹ ውኃ አውጥተው ነጭ ጨው ሠርተዋል። አንዱ ላይ የጥርስ ምልክት አለ።

«ማነው የነከሰው?»

ጠባቂው ትንሽ አፈረ። «እኔ ነኝ። ሲደክሙ ነከስ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው እንጂ። ቆርቆሮው ላይ ሦስት ቀን አስጥቻቸዋለሁ። በአንበሳሜ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርግ።»

«ፀሐይ ለበርበሬ ነው» አልሁት። ወንድሜ ለደንበኞቹ ሁሉ የሚለው ነው። አፌ ላይ መጣ። ጠባቂው ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ሳቀ።

ከኃላፊው የእጅ ባትሪዎች አዳዲስ ድንጋይ አመጣልኝ። ሎሚም ለመንሁት። በሎሚው የዛጉትን ሞላዎች አሽቼ አጸዳሁና አዲሶቹን ከተትሁ። ደግሜ አጫወትሁ። አሁንም ይጎተታል። ባትሪ የደከመው ቴፕ ቀስ በቀስ እየዘገየ ይሄዳል። ይህ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ይጎተትና ይለቃል፣ ይጎተትና ይለቃል። እንዲህ የሚያደርገው የላላ ቺንጋ ነው።

«መክፈት አለብኝ» አልሁት። «ካቻቢቴ ያስፈልገኛል። ክሩን የምታነብበትን ጭንቅላቷንም የማጥብበት ትንሽ አረቄና ጥጥ።»

«አረቄ?» አለ ድሬው ከኋላ። «አቦ፣ እኔም ጭንቅላቴ ቆሽሿል!»

ጠባቂው ወጥቶ መጀመሪያ መሣሪያ አመጣ። በቆርቆሮ ሣጥን ነው ያመጣው። የከረሜላ ቆርቆሮ ነው። ክዳኑ አንድ ጎኑ የተጨራመተ። ሳላየው በፊት በድምፁ አወቅሁት፤ ሲነቃነቅ የሚሰማውን ድምፅ። የወንድሜ ነው። ጠባቂው አረቄ ልፈልግ ብሎ በሩን ቆልፎ ሄደ።

ሣጥኑን ከፈትሁ። ካቻቢቴዎቹ፣ ፒንሳዋ፣ መርፌው በቡሽ ተሰክቶ። ሁሉም እሱ እንደሚያስቀምጣቸው በቁመታቸው ተደርድረዋል። የኋላ ክዳኑን አራት ብሎኖች ፈታሁና ገለበጥሁት።

ሁለት መስመር ጽሑፍ ነበር። የመጀመሪያው የቆየ ነው፣ ገና በሱቁ ሳለ የጻፈው። ጭንቅላት ታጠበ ይላል። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ ጭረቱ ገና ያብረቀርቃል።

«ኅዳር 23። ቺንጋ ተቀየረ። ለጊዜው።»

«እዚህ ነው ያለ!» አልሁ። ጮኼ ሳይሆን አይቀርም። «ከታሰረ በኋላ ነው የሠራት። እዚሁ ግቢ። በጊዮርጊስ ዕለት። የኔታ፣ የወንድሜ ጽሑፍ ነው!»

የኔታ ተጠግተው አዩት። ዓይናቸው ስለደከመ በጣታቸው ዳሰሱት። «ተመስገን» አሉ። ድሬው ትከሻዬን መታኝ። ሌሎቹም መጥተው አዩ። ደስታዬን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ምን ያህል እንደቆየ አውቃለሁ። አንድ ቺንጋ እስከማወጣ ድረስ ነው።

ቺንጋው የብስክሌት ጎማ ነበር። በምላጭ የተቀደደ፣ ዳር ዳሩ እኩል የሆነ፣ የእሱ እጅ ነው። ላልቷል። እሱን አንሥቼ በሣጥኑ ውስጥ የሚተካው ፈለግሁ። ከታች፣ በወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት ደኅና ቺንጋዎች ነበሩ። አንዱ ልክ የዚች ቴፕ ነው።

ጎማውንና ደኅናውን ቺንጋ ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው።

ወንድሜ ደኅናው ቺንጋ እያለው ጎማ አስገብቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ እኔ ሰንፌ እንደዚያ ባደርግ፣ የሰው ቴፕ አስፈትቶ እንደገና አሠርቶኛል። እዚህ ደግሞ ሣጥኑ እጁ ላይ ነበር። ሦስቱ ቺንጋዎች እጁ ላይ ነበሩ።

ለድሬው አሳየሁት። መካኒክ ነው፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ጎማውን ሳብ አድርጎ ለቀቀው።

«አውቆ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በሳምንቷ እንድትበላሽ። እንደገና እንዲጠሩት። ቴፕ የሚሠራላቸውን ሰው...» አልጨረሰውም። ከዚያ ያላሰበበት ሌላ ጥያቄ ከአፉ ወጣ። «ታዲያ ስትበላሽ ለምን አንተን ጠሩ?»

እንደጠየቀ ጎማውን እጄ ላይ መለሰው።

ኋላ ቤት ከእኛ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። ቴፑን የሠራው ሰው እዚያ ነው ያለው። ቴፑ ተበላሸ። ጠባቂው ግን ሠላሳ እርምጃ አልሄደም። ወደ እኔ መጣ።

በቁጥር ሞከርሁት። ያን ቀን ታኅሣሥ አሥራ አራት ነበር። እኔ የገባሁት ታኅሣሥ አራት ነው። ይዤው የመጣሁትን ምሳ፣ በሽቦ የተወጋውን ሽሮ፣ ማን እንደበላው አሰብሁ። ግን ተስፋዬን አልተውሁም። ታሞ ይሆናል አልሁ። ወደ ሌላ ከተማ ወስደውት ይሆናል አልሁ። ወደ ሌላ ከተማ ከወሰዱት ሰማያዊው ሳህን የት ነው የሚሄደው?

በሩ ተከፈተ። ጠባቂው በብልቃጥ አረቄ ይዞ መጣ።

«ጋሼ» አልሁት። ከዚያ በፊት እንዲህ ብዬው አላውቅም። «ይህችን ከእኔ በፊት የሠራት ሰው የት ነው?»

ብልቃጡን መሬት ላይ አስቀመጠ። አላየኝም። «እኔ በር ነው የምጠብቅ» አለ። «ቶሎ በል። ምሳ ደረሰ።»

ጥጡን አረቄ ነክሬ ጭንቅላቷን ማጠብ ጀመርሁ። ከካሴቱ ክር የተራገፈው ቡናማ ዝቃጭ በጥጡ ላይ ወጣ። ጎማ የለበሰችውን ሮለርም አጠብሁ። እጄ ሥራውን ያውቀዋል። ጠባቂው ወደ በሩ ዞር ሲል ድሬው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ስማኝ። ያንኑ ጎማ መልሰህ አስገባው። ትንሽ አሳጥረው። በሳምንቱ ትበላሻለች፣ ይጠሩሃል። በሳምንቱ እንደገና። አቦ፣ ያለህ ይህ ብቻ ነው።»

እውነቱን ነው። ለእኔ ብሎ ነው የተናገረው። የኔታን አየኋቸው። «አንተ ታውቃለህ» የሚሉ ይመስሉ ነበር።

ደኅናውን ቺንጋ አስገባሁ።

ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ማስረዳት አልችልም ነበር። አሁን ግን እችላለሁ። ወንድሜ በዕድሜው አንድ ሥራ ብቻ ነው አጉድሎ የሄደ። ያውም «ለጊዜው» ብሎ ጽፎበታል። ማንም በማያየው ቦታ፣ ለእነሱም ቢሆን አልዋሸም። በሳምንቱ ደኅናውን ሊያስገባ ነበር። አልተመለሰም። ስለዚህ እኔ አስገባሁለት። ከዚያ መርፌውን ከቡሹ ነቅዬ ከእሱ መስመር ሥር ጻፍሁ። «ታኅሣሥ 14። ደኅናው ቺንጋ ገባ።» ክዳኑን ዘጋሁ። መርፌውን ግን ወደ ሣጥኑ አልመለስሁትም። ኮሌታዬ ውስጥ ሰካሁት።

ጠባቂው ቴፑን አሸክሞኝ ወደ ዛፉ ወሰደኝ። ኃላፊው ተቀብሎኝ ቁልፉን ተጫነ። ሴቲቱ ጥርት ብላ ዘፈነች። ፈገግ አለ።

«ወንድምህን ትበልጠዋለህ» አለኝ። «የእሱ አልበረከተም።»

ድምፁን ጨመር አደረገና ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ይደረግልህ? ሲጋራ ታጨሳለህ?»

«አላጨስም» አልሁ። «የወንድሜን ምሳ ከእናቴ አትቀበሏት።»

«ምን አልህ?»

«ባለ ሰማያዊ ክዳኑን። ከዛሬ ጀምሮ ይመለስላት።»

ዘፈኑ እየሄደ ነበር። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተስፋ ነበረኝ። ይህን ማመን አለብኝ። «ምን ትቀባጥራለህ፣ ወንድምህ ያንን ምሳ ካልበላ ምን ሊበላ ነው?» ብሎ እንዲቆጣኝ ነበር የምጠብቀው። እንዲመታኝ እንኳ። ኃላፊው ወደ ጠባቂው ዞረ። ጠባቂው መሬት መሬቱን አየ። ኃላፊው ወደ እኔ ተመለሰ።

«ማን ነገረህ?» አለኝ።

«ማንም አልነገረኝም» አልሁት።

ውሸት አልነበረም። ማንም አልነገረኝም ነበር። አሁን ግን እሱ ነገረኝ።

«ወስደህ አስገባው» አለው ጠባቂውን። ቅጣት እጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ አላውቅም።

ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ጠባቂው የእኔን ሳህን ብቻ ይዞ መጣ። ከመዝጊያው በኩል የእናቴን ድምፅ እሰማለሁ ብዬ ነበር። ምንም አልተሰማም። እንደ እሷ ያሉ እናቶች በር ላይ ማልቀስ ክልክል መሆኑን ያውቁ ነበር።

«ምን አለች?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጠባቂው ሳህኔን ሰጠኝ። «ከነክዳኑ መለስሁላት። ይዛው ቆመች። ከዚያ ‹ትንሹስ? የትንሹን ትቀበለኛለህ?› አለችኝ። እቀበላለሁ አልኋት።» ሊሄድ ብሎ ቆመ። «እኔስ ከዚያ ምሳ አልቀመስሁም። ልጆቼን ይንሣኝ። አላስቆምሁም እንጂ አልቀመስሁም።»

አመንሁት። አሁንም አምነዋለሁ።

የኔታ ምሳ እንድቀምስ አስገደዱኝ። ከዚያ «ቀኑን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም። የጻፈበትን ቀን ብቻ ነው የማውቅ።»

«ትክክለኛውን ቀን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። አንተ የምታውቀውን ያዝ። እናትህ ከምን ቀን ትቁጠር? ሰው አርባውን ካላወጡለት መንገድ ላይ እንደቀረ ነው ለእናት።»

ለእናቴ ቀን መላክ ነበረብኝ። ወረቀት የለም፣ ቢኖርም ይፈተሻል። ሳህኑን ልሼ አጠብሁና ገለበጥሁት። መርፌውን ከኮሌታዬ አወጣሁ። በአሉሚኒየሙ ቂጥ ላይ «23» ብዬ ፋቅሁበት፤ እሱ እንደሚጽፍ ትንሽ አድርጌ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ገበያ የዋለች ሴት ናት፣ ቁጥር ግን አታጣም። ሃያ ሦስት ደግሞ ለማንኛዋም እናት ጊዮርጊስ ነው። ወንድሜ ከተወሰደ ወዲህ ያለፈው ጊዮርጊስ ያ አንዱ ብቻ ነበር።

ጠባቂው ሳህኑን ሲቀበለኝ ገለበጠው። አየው። እኔን አየኝ። መልሶ አቀናው፣ ጨርቁን ቋጠረበትና ሄደ።

በማግሥቱ «እናትህ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች» አለኝ። ቁጥሩን አግኝታዋለች።

ገና አለፈ። ሰው ሁሉ ጾም ፈትቶ ዶሮና ሥጋ ሲያስገባ እኛም ትንሽ ትንሽ ቀመስን። ከዚያ በአራተኛው ቀን ሳህኔ ሲመጣ ከበደኝ። ጨርቁን ስፈታው ንፍሮ ነው። ስንዴና ሽምብራ፣ እስከ አፉ የተሞላ። አርባኛው ቀን ነበር። የኔታ በጣታቸው ቆጥረው «ልክ ነው» አሉ።

ለአሥራ አንዳችንም በእጃችን እፍኝ እፍኝ ደረሰን። የኔታ «እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ዳዊት ልድገምለት» ብለው ጀመሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ከውጭ የኃላፊው ቴፕ ጥርት ብሎ ይዘፍናል፣ ሳይጎተት። ድሬው ሽምብራውን እያላመጠ «ጥሩ አድርገህ ሠርተሃታል፣ ልጄ» አለኝ። ያን ቀን አቦ አላለኝም።

የኔታ ከዚያ ግቢ አልወጡም፤ በክረምቱ ታመው ሞቱ። ድሬው ከእኔ በፊት ተፈታ። እኔም ተፈታሁ። የወንድሜን ሬሳ አላገኘንም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ብዙ ቦታ ተቆፈረ፣ ሄጄ ቆሜአለሁ። የእኛ ሰው ነው የምለው ነገር አላየሁም። እናታችን እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ የኅዳር ጊዮርጊስን ትዘክር ነበር። ቀኑ ትክክል መሆኑን አንድ ቀን ጠየቀችኝ። «የጻፈበት ቀን ነው፣ እማዬ» አልኋት። «እንግዲያ ያን ቀን ነበረ» አለች። በቃት።

አሁን እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ሱቅ አለኝ። ቴፕ የሚያመጣ የለም፤ ስልክ ነው። ልጆቹ ሙዚቃው ተቆራረጠብኝ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰማል፣ ድምፁ ታፈነ እያሉ ይመጣሉ። መጀመሪያ እሰማዋለሁ። የሚከፈት ከሆነ ከፍቼ ክዳኑ ውስጥ ቀኑን በመርፌ እጽፋለሁ። ያው መርፌ ነው። የምጽፍበት ቦታ እየጠበበ ሄዷል።

ያንን የብስክሌት ጎማ ኪሴ ከትቼው ነበር። ተሰባብሮ አለቀ። ብዙ አስቤበታለሁ። ሳምንት እንዲቆይ ብሎ የቀደደው ጎማ ሦስት ሳምንት ቆየ። ባለሙያ ነኝና አውቃለሁ፣ ጎማ እንደዚያ የሚቆየው ዳሩ እኩል ሆኖ ሲቀደድ፣ ልኩ ሳይዛነፍ ሲገባ ነው። ወንድሜ ሥራ ሊያበላሽ ፈልጎ ነበር። እጁ እንቢ አለው።

ደንበኞች አንዳንዴ «ግድ የለም፣ ለጊዜው አድርግልኝ» ይሉኛል። እኔ ግን መለዋወጫው እስኪመጣ ጠብቁ እላቸዋለሁ።